አንድ ሽቦ፣ ሁለት ሂሳብ

ባለፈው ሳምንት አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተቀምጬ ነበር። ሂሳቤ የተከፈተው ክፍለ ሀገር ባለ ሌላ ቅርንጫፍ ስለሆነ አንድ ጉዳይ ከዚያ መጣራት ነበረበት። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሁት ናት። «ትንሽ ይታገሱኝ» አለችና የጠረጴዛ ስልኩን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ከቦርሳዋ የራሷን ሞባይል አወጣች። ደወለች፣ ተይዟል። ደገመች፣ አይነሳም። በሦስተኛው ተነሳላት፤ ጥያቄዋን ሳትጨርስ ተቋረጠ። «ካርዴ አለቀ» አለችኝ ሳቅ እያለች፤ ከጎኗ ካለው ባልደረባዋ ስልክ ተዋሰች።

እኔን የገረመኝ የካርዱ ማለቅ አይደለም። ከፊቷ ያለው ኮምፒዩተር የእኔን ሂሳብ፣ ፎቶዬንና ፊርማዬን ከዋናው መሥሪያ ቤት አምጥቶ የደረደረው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው። ባንኩ ከዚያ ቅርንጫፍ እስከ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ እስከዚያ ክፍለ ሀገር ቅርንጫፍ የሚደርስ፣ በየወሩ የሚከፈልበት የዳታ መስመር አለው ማለት ነው። ፊርማዬ በዚያ መንገድ ይመላለሳል። የልጅቷ ድምፅ ግን በዚያው መንገድ እንዲሄድ ያሰበ ሰው የለም። እሱ በግል ሞባይሏ፣ በግል ካርዷ ይሄዳል።

ድምፅንና ዳታን በአንድ ኔትወርክ ላይ ማስኬድ በሌላው ዓለም ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ወሬ ነው። እኛ ዘንድ ስለ «ዲጂታል» ሲነሳ የምንሰማው ስለ መተግበሪያና ስለ ሞባይል ገንዘብ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ስልክ የማንም ርዕስ ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን ብዙ ቅርንጫፍ፣ መጋዘንና መሸጫ ያለው ድርጅት ሁሉ በዚህ ጉዳይ ላይ በየወሩ ገንዘብ እየጣለ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የት እንደሚጥለው ግን ሻጮቹ የሚነግሩን ቦታ ላይ አይደለም። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ነገሩን ቀለል አድርገን እንየው። የድሮው ስልክ ሲደወል ከደዋዩ እስከ ተቀባዩ ድረስ አንድ መንገድ ይያዝለታል። ሁለቱ ሰዎች ቢያወሩም ዝም ቢባባሉም መንገዱ የእነሱ ነው። አንድ መንገደኛ ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ አሥራ አንዱን ወንበር ባዶውን እንደሚያስኬደው ማለት ነው። ዳታ ግን የሰልፍ ታክሲ ነው፤ ወንበር በተገኘበት እየተሳፈረ ይሄዳል። ድምፅም ወደ ቁጥር ተቀይሮ፣ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ሃምሳ ቦታ ተቆራርጦ፣ እያንዳንዷ ቁራጭ አድራሻ ተለጥፎባት ከኢሜይሉና ከሂሳብ መዝገቡ ጋር አብራ መሳፈር ትችላለች። እዚያ ሲደርስ ይገጣጠማል።

ልዩነቱ በቁጥር ምን ያህል ነው? ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ለስልካቸው የሚከራዩት ኢ-ዋን የሚባለው መስመር 2 ሜጋ ቢት ገደማ አቅም አለው። በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ግን 30 ጥሪ ብቻ ነው። ሠላሳ አንደኛው ሰው መስመሩ ተይዟል ይባላል። ድምፁን ጨመቅ አድርጎ በሚልክ ስልት ከሄድን አንድ ጥሪ ከነአድራሻው 30 ኪሎ ቢት ገደማ ይበቃዋል፤ በዚያው አቅም ከስድሳ በላይ ጥሪ ማለት ነው። ይህ የወረቀት ስሌት ነው፤ በተግባር ማንም መስመሩን እስከ አፉ አይሞላውም። ግን ከአምስት በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ስልክ በማያወራበት ቅርንጫፍ አምስቱም ጥሪዎች ተደምረው 150 ኪሎ ቢት ናቸው። አንድ ሠራተኛ በምሳ ሰዓት የሚያያት ቪዲዮ ከዚያ ትበልጣለች። አቅሙ አለ፤ ተከፍሎበታል፤ ባዶውን ውሎ ያድራል።

ታዲያ ባለቤቱ ይህንን ለምን አያየውም? እኔ እንደሚመስለኝ ሂሳቡ የሚመጣው ለተለያየ ጠረጴዛ ስለሆነ ነው። የመደበኛ ስልኩ ሂሳብ ጠቅላላ አገልግሎት ጋ ይሄዳል፤ ከውኃው፣ ከመብራቱና ከጽዳት ዕቃው ጋር ይከፈላል። የዳታው ሂሳብ አይቲ ክፍል ጋ ይሄዳል። የሠራተኞች የሞባይል ካርድ አበል ደግሞ በሰው ሀብት በኩል ደመወዝ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ሦስቱን ደምሮ «ለመሆኑ ለመነጋገር ብቻ በወር ስንት እናወጣለን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመዋቅሩ ላይ የለም።

አንድ የማውቀው የፋይናንስ ኃላፊ ነበር፤ የሚሠራበት ድርጅት ዕቃ አስመጥቶ ያከፋፍላል፤ መርካቶና ሌሎች ሁለት ቦታዎች መሸጫ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ መጋዘን አለው። አንድ ቀን ከኦዲት ጋር በተያያዘ ሦስቱንም ሂሳብ አንድ ወረቀት ላይ አሰፈራቸው። ከድምሩ በፊት ሌላ ነገር አስደነገጠው። በየወሩ ከሚከፈልባቸው መደበኛ መስመሮች መካከል አራቱ የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ቢሮ ለቢሮ ዞረው ሲፈልጉ አንዱ መስመር ግድግዳ ታድሶ ቁም ሳጥን የቆመበት ሶኬት ላይ ተገኘ። ሌላው ድርጅቱ ከለቀቀው ቤት ውስጥ ነው፤ የአሁኑ ተከራይ ይጠቀምበት ነበር። ሁለቱን እስከዛሬ አላገኟቸውም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ፤ ጥቅሙ የት ነው?

የመሣሪያ ሻጮች መጥተው የሚያሳዩት ሰንጠረዥ የስልክ ሂሳብ ሲወርድ ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ከድርጅቱ ወደ ደንበኛ ሞባይል የሚደረግ ጥሪ ኔትወርኩ ስለተዋሃደ ብቻ አይረክስም። መጨረሻ ላይ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ወይም ወደ ሳፋሪኮም ኔትወርክ መግባቱ አይቀርም፤ የገባበት ይከፈልበታል። ነፃ የሚሆነው የውስጥ ለውስጥ ጥሪው ነው፤ መጋዘን ለመሸጫ፣ ቅርንጫፍ ለዋና መሥሪያ ቤት። በዚያ ላይ ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ታሪፉን በደንብ ከቀነሰ ወዲህ በደቂቃ የሚተርፈው ሳንቲም እንደ ድሮው አይደለም። ፕሮጀክቱን በስልክ ሂሳብ ቅናሽ ብቻ አሳምኖ ያስፈቀደ ኃላፊ ከሁለት ዓመት በኋላ «የታለ ትርፉ?» ሲባል መልስ ሊያጥረው ይችላል።

ትርፉ ያለው ሂሳቡ ላይ በማይታየው ቦታ ነው። የባንኳን ልጅ እንውሰድ። የጠረጴዛ ስልኩን ለምን እንደተወችው ጠይቄያት ነበር። «እሱ ይቀበላል እንጂ አይደውልም፤ ወጪ በዛ ተብሎ ተዘግቷል» አለችኝ። ብዙ መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው። ስልኩ ይዘጋል፤ በወሩ መጨረሻ ሂሳቡ ወረደ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ወጪው ግን አልጠፋም፤ ከድርጅቱ ሂሳብ ወጥቶ ወደ ልጅቷ ካርድና ወደ እኔ ሃምሳ ደቂቃ ነው የተዛወረው። ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩትን ሰዎች ጊዜ ደግሞ ጨምሩበት። ከመካከላቸው ሁለቱ ተስፋ ቆርጠው ሲወጡ አይቻለሁ። አንደኛው ገንዘብ ሊያስገባ የመጣ ነው፤ በጥቁር ፌስታል ይዞት ነበር። እሱ ገንዘብ ሌላ ባንክ ገብቶ ይሆናል።

ሌላው የማይታየው ነገር ያልተነሳ ጥሪ ነው። በድሮው አሠራር ወደ ድርጅቱ ስንት ሰው ደውሎ፣ ስንት ጊዜ ጠብቆ፣ ስንቱ ሳይነሳለት እንደዘጋ የሚያውቅ የለም። ኦፕሬተሯ የምታውቀው ያነሳችውን ብቻ ነው። ስልኩ ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ጥሪ መዝገብ ይተዋል፤ በስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ደቂቃ ጠበቀ፣ ማን አነሳው፣ ማን ሳይነሳለት ሄደ። ሰኞ ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ግማሹ ደዋይ ሳያገኛችሁ እንደሚዘጋ ብታውቁ አንድ ሠራተኛ ታዛውራላችሁ። ካላወቃችሁ «ገበያው ቀዝቅዟል» ትላላችሁ። ቁጥሩን አይቶ የደንበኛውን ዶሴ ስክሪን ላይ የሚያወጣ አሠራርም አለ፤ ደንበኛው ስሙን፣ የአባቱን ስምና ጉዳዩን ለአራት ሰው ከመደጋገም ይድናል። ይህን የሚያደርገው ስልኩና የደንበኛው መዝገብ በአንድ ቋንቋ ሲነጋገሩ ብቻ ነው።

ቢሮ መቀየርንም አትርሱ። ኪራይ ሲጨምር፣ ወይም እንደ ሰሞኑ አዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ምክንያት አካባቢው ሲነሳ፣ ድርጅት ይዛወራል። በድሮው ሥርዓት እያንዳንዱ ስልክ የራሱ ሽቦ ስላለው ለኮምፒዩተር አንድ፣ ለስልክ አንድ እየተባለ ሁለት ጊዜ ይዘረጋል። በአዲሱ አንድ ኬብል ለሁለቱም ይበቃል፤ ሠራተኛው ስልኩን ነቅሎ አዲሱ ጠረጴዛ ላይ ሲሰካው የውስጥ ቁጥሩ ተከትሎት ይመጣል። የውጭው ቁጥር ጉዳይ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የሚያልቅ ስለሆነ ያ ሌላ ሰልፍ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ ለምን ዘገየን? ቴክኖሎጂው ስላልገባን አይደለም። ሕጉ አስፈርቶናል።

በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም ከለከለ። አሥር ዓመት ቆይቶ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ሲመጣ ቅጣቱ ጠነከረ። በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት ለሰጠ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት፣ አገልግሎቱን ላገኘ ሰው ደግሞ ከሦስት ወር እስከ ሁለት ዓመት እስራትና ከ2,500 እስከ 20,000 ብር ቅጣት ተጻፈ። ያኔ «ስካይፕ መጠቀም ሊያሳስር ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ የውጭ ሚዲያዎችን ሁሉ አዳረሰ፤ መንግሥትም ዓላማው ከዘመዱ ጋር በስካይፕ የሚያወራውን ሰው መቅጣት እንዳልሆነ ማስረዳት ነበረበት።

የመንግሥት ሥጋት ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ከውጭ የሚገባ ጥሪ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። ጥሪውን በኢንተርኔት አስገብተው፣ ሲም ቦክስ በሚባለው ዕቃ የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስለው የሚያቀብሉ ሰዎች ያንን ገቢ ይወስዱ ነበር። ይህ ስርቆት ነው። ችግሩ የአዋጁ ቃል ሰፊ መሆኑ ነው። ከሲም ቦክስ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ መጋዘኑን ከመሸጫው ጋር ማገናኘት ብቻ የፈለገ ሥራ አስኪያጅ «በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ» የሚለውን ሐረግ ከ«ጽኑ እስራት» ጋር ጎን ለጎን ሲያነብ ምን ይላል? «ይቅርብን» ነው የሚለው። በዚህ እኔም አልፈርድበትም።

የሚያስቀው ግን መንግሥት ራሱ ነገሩን ቀድሞ ያውቀው ነበር። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳ ኔት ዳታን፣ ድምፅንና የቪዲዮ ስብሰባን በአንድ ኔትወርክ ጭኖ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር ለማገናኘት የታሰበ ነበር። የወረዳ አስተዳዳሪ ከአዲስ አበባ ጋር በስክሪን ሲሰበሰብ ድምፁ የሚሄደው ተቆራርጦ በዳታ መንገድ ነው። ለመንግሥት የተፈቀደው ለነጋዴው የሚያስፈራ ሆኖ ቆየ ማለት ነው።

ሕዝቡስ? ሕዝቡ ማንንም አልጠበቀም። ኮምቦልቻ ያለች እናት ሪያድ ካለች ልጇ ጋር በኢሞ እያወራች፣ ፊቷን እያየች፣ «ከሳሽብኝ» እያለች ዓመታት አስቆጥራለች። ዋሽንግተን ያለው ወንድም በቫይበርና በቴሌግራም ነው የሚደውለው። መርካቶ ያለው ጨርቅ ነጋዴ ናሙናውን በቴሌግራም ያሳያል፣ በዚያው ይደውላል፣ በዚያው ዋጋ ይቆርጣል። ድምፅና ዳታን ማዋሃድ ማለት ይኸው ነው። በሚሊዮን ብር መሣሪያ የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ከኮምቦልቻዋ እናት ኋላ ቀርቷል።

አሁን ሁኔታው ተለውጧል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወጥቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ። በግንቦት 2013 በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አሸነፈ፤ በነሐሴ 2014 ከድሬዳዋ ጀምሮ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ገባ። ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከሐረር አዲስ አበባ የስልክ ሽቦ መዘርጋት ከተጀመረበት ዘመን አንስቶ፣ አንድ በር ብቻ ነበር የምናንኳኳው። ሁለት በር መኖሩ ለድርጅቶች ትልቅ ነገር ነው። ይህ ማለት ግን ሕጉን ሳያዩ ዘው ማለት አይደለም። የውስጥ ኔትወርክን ከውጭ አገር ጥሪ ጋር የሚያገናኝ ማንኛውም ውል ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ያንብበው፤ ባለሥልጣኑም በጽሑፍ ይጠየቅ። በቃል የተባለ ነገር ፍርድ ቤት አይቆምም።

ሁለተኛው በር ከዋጋ ፉክክሩ ይልቅ የሚያስፈልገን ለሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ነው እኔ ከአድናቂዎቹ የምለየው።

ባንክ ቤት ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው እጁን ያውጣ። ዛሬ ሲስተም ሲጠፋ ቢያንስ ሠራተኛው ስልክ አንስቶ «መቼ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ድምፁንም ዳታውንም በአንድ ሽቦ ላይ ከጫንናቸው በኋላ ያ ሽቦ ሲበጠስ ሲስተሙም የለም፣ መቼ እንደሚመጣ የሚጠየቅበት ስልክም የለም። ለጥገና ባለሙያ የሚደወልበት ስልክ ራሱ የሚጠገነው ስልክ ይሆናል።

መብራቱም አለ። የድሮው መደበኛ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያ በዚያው በመዳብ ሽቦ ነው፤ ሰፈሩ ጨልሞም ይሠራል። አዲሱ የጠረጴዛ ስልክ ግን መብራት ሲጠፋ ከኮምፒዩተሩ ጋር ይሞታል። ስለዚህ ዩፒኤስና ጄኔሬተር ከስልኩ ዋጋ ላይ መደመር አለባቸው። ሻጩ ሰንጠረዥ ላይ ይህች መስመር ብዙ ጊዜ አትገኝም።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞች የድሮውን የስልክ ኔትወርክ እስከ እ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ ዘግተው ሁሉንም ወደ ኢንተርኔት መስመር ለማዛወር አቅደው ነበር። ቤታቸው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ሲወድቁ ወይም ሲታመሙ የሚጫኑት የድንገተኛ ጥሪ መሣሪያ ግን በድሮው መስመር ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2023 መጨረሻ መሣሪያው ከለውጡ በኋላ እምቢ ያለባቸው ከባድ አጋጣሚዎች ሲደርሱ ኩባንያዎቹ ደንበኛን ያለፈቃዱ ማዛወር አቆሙ፤ ቀነ ገደቡም ወደ ጥር 2027 ተገፋ። ብዙ ገንዘብና ብዙ ባለሙያ ያላቸው ሰዎች ናቸው እንዲህ የተደናቀፉት።

እኛ ዘንድ ደግሞ የራሳችን ታሪክ አለ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ያቆየልን ተራው የስልክ ጥሪ ነው። ደላላው፣ አስመጪው፣ የሆስፒታል ፋርማሲው በድምፅ ነው የተራረፉት። አንድ ድርጅት የስልክ ሥርዓቱን በሙሉ በተራ ኢንተርኔት ላይ ሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ለሦስት ሳምንት ዲዳ ይሆን ነበር። ቅርንጫፍን ከቅርንጫፍ በሚያገናኝ የግል የዳታ መስመር መጠቀምና ሁሉም በሚጋራው ኢንተርኔት መጠቀም አንድ አይደሉም፤ ውል የሚፈርመው ሰው ይህን ልዩነት በስሙ ጠርቶ መጠየቅ አለበት።

ሁለት መስመር ከሁለት አገልግሎት ሰጪ መውሰድ መፍትሔ ነው፤ ግን ወርዳችሁ መንገዱን እዩት። ሁለቱም ኬብሎች በአንድ ቦይ ወይም በአንድ ምሰሶ የሚያልፉ ከሆነ መንገድ የሚቆፍር አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም ባንዴ ይበጥሳቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ፋይበር በቁፋሮ ሲቆረጥ አዲስ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ስለ ሩቅ ቅርንጫፎችም አንድ ነገር ልበል። ድምፅ እንደ ኢሜይል ታጋሽ አይደለም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ባይዘገይ ይመክራል። ፋይበር ያልደረሰበት ቦታ ያለ ቅርንጫፍ በሳተላይት ከሆነ የሚገናኘው፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው ሳተላይት ወጥቶ መመለሱ ብቻ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ሁለቱ ሰዎች እየተጋጩ፣ «ሃሎ፣ ሃሎ» እየተባባሉ፣ እንደ ፖሊስ ሬዲዮ ተራ እየጠበቁ ነው የሚያወሩት። እዚያ ሞባይል ይሻላል፤ ሁሉንም አንድ ካላደረግን ብሎ መድረቅ አያስፈልግም። ፋይበር ባለበት ቅርንጫፍም ቢሆን ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጥ ሰው ስዊቹ ላይ ካልሠራበት፣ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ሲያወርድ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ይንተባተባል። ከዚያ በኋላ «ይሄ ነገር አይሠራም» ተብሎ ስልኩ መሳቢያ ይገባል። እንዲህ የተቀበረ ፕሮጀክት በዓይኔ አይቻለሁ።

የገንዘቡም ጉዳይ እንዲሁ በቀላሉ አይታለፍም። ስልኮቹ፣ ስዊቾቹና በየዓመቱ የሚታደሰው የሶፍትዌር ፈቃድ በዶላር ናቸው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በአንድ ተጠቃሚ በዓመት ይህን ያህል ዶላር የሚል ውል የፈረመ ድርጅት ቁጠባው የት እንደገባ ያውቀዋል። እኔ ብሆን አስቴሪስክ የሚባለውንና ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ነፃ ሶፍትዌር መጀመሪያ አየው ነበር። ነፃ ነው ማለት ግን ራሱን ይተክላል ማለት አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የዚያ ሰው ደመወዝ በብር መሆኑ ግን ጥሩ ነገር ነው።

የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልገው ለሌላም ነገር ነው። ስልኩ ኮምፒዩተር ሲሆን የኮምፒዩተር ሌባም ይመጣበታል። በዓለም ዙሪያ የታወቀው ማጭበርበር እንዲህ ነው፤ የውስጥ ቁጥሩ የይለፍ ቃል 1234 ሆኖ ከተተወ አንድ የማይታወቅ ሰው ዓርብ ማታ ገብቶ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ወደ ውድ የውጭ ቁጥሮች ሲደውል ያድራል። ሰኞ ቢሮው ሲከፈት ዕዳው ይጠብቃል። ከሥራ ሰዓት ውጪ የውጭ አገር ጥሪን መዝጋት አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። የባንኳ ልጅ ስልክ እንደተዘጋው በዘፈቀደ ሳይሆን በልኩ የሚዘጋበት ቦታ ይህ ነው።

ሰዎቹስ? የስልክ ባለሙያውና የአይቲው ልጅ ባብዛኛው አይዋደዱም። አንደኛው ሃያ ዓመት በፒንሳ የሠራ ነው፤ ሌላኛው ሽቦ የሚነካው ሲቸግረው ብቻ ነው። ኔትወርኩ ሲዋሃድ አንዱ ክፍል ሌላውን ይውጠዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚዋጠው ስልከኛው ነው። ነገር ግን የትኛው ሽቦ ከየትኛው ግድግዳ ኋላ እንደሚያልፍ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እሱን አሰናብቶ ሥራ የጀመረ ድርጅት ግድግዳ እየሰበረ ይማራል።

ደግሞ ለሁሉም አይደለም። አሥር ሠራተኛ፣ አንድ ቢሮ፣ አንድ መሸጫ ላለው ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። ሁለት ሞባይልና አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃዋል። ሻጭ መጥቶ ሰርቨር ካላስገባሁ ቢለው ሻይ ጋብዞ ይሸኘው። ለቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የዳታ መስመር አስቀድሞ እየከፈለ ላለው ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ አከፋፋይ፣ ሆስፒታልና የትራንስፖርት ድርጅት ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ እነሱ መንገዱን ገዝተው በእግራቸው ነው የሚሄዱት።

ያ የፋይናንስ ኃላፊ ወዳጄ ሦስቱን ሂሳብ አንድ ወረቀት ላይ ካሰፈረ በኋላ ድርጅቱ ሥራውን ከዋናው ቢሮና ከመጋዘኑ ጀመረ። መሸጫዎቹን ስድስት ወር አቆዩአቸው። በመጀመሪያው ወር ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ አንዴ በመብራት፣ አንዴ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ የስዊቹን መሰኪያ ነቅላ የመጥረጊያ ማሽኗን ስለሰካች። ከዚያ በኋላ ዩፒኤስ ገዙ፤ መሰኪያውንም በሳጥን ቆለፉበት። መጋዘኑ ዛሬ ከመርካቶው መሸጫ ጋር ቀኑን ሙሉ ያወራል፤ «ይህ ዕቃ አለ ወይ?» ለሚል ጥያቄ ማንም የግል ካርዱን አይጨርስም። አንዷን የመዳብ መስመር ግን አላስነሷትም። በር ላይ፣ ጥበቃው ቤት ውስጥ፣ ከእሳት አደጋና ከፖሊስ ቁጥር በታች ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። በየወሩ ይከፈልባታል፤ አሁን የት እንዳለች ሁሉም ያውቃል።